የጋሽ ወልደሚካኤል እንቅልፍ

ባቡሩ ድሬዳዋ ይመላለስ በነበረ ጊዜ አቃቂ ላይ ጋሽ ወልደሚካኤልን የማያውቅ አልነበረም። ሐዲዱ መኪና መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ዘበኛ ነበሩ። ባቡር ሲመጣ ማገጃውን ያወርዳሉ፣ ሲያልፍ ያነሳሉ፤ ሥራው ይኸው ነው። አንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዱን ሳምንት ሌሊት ይገባሉ። በጉብዝናቸው ጊዜ እንቅልፍ ለሳቸው እንደ ባርኔጣ ነበር። ሲፈልጉ ያጠልቁታል፣ ሲፈልጉ አውልቀው ይሰቅሉታል። ተረኛ ሆነው አሸልበው አያውቁም። ይህንንም ሳይጠየቁ ይናገሩ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ፀሐይ ዘንበል ስትል እሳቸውም አብረው ዘንበል ነው። ራት ላይ ጉርሻ እንደያዙ ጭልጥ ይላሉ። ከዚያ ዶሮ ሳይጮህ ይነቁና ግቢውን ይጠርጋሉ። ያን ሰዓት አእምሯቸው እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለማርያም፣ ሆድህ ውስጥ ያለው ሰዓት መቅደም ጀምሯል፣ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ልውሰድህ እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው ግን ተኛሁ ብለው አያምኑም። ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው ይላሉ።

ልጃቸው ወርቅውሃ፣ ፈትል ፋብሪካ የሚሠራ ኦላና የሚባል ጎረምሳ ወዳ ነበር። አባትም ልጁን ወደውታል። ሽማግሌ መላክ ብቻ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ወደ ማታ እንመጣለን ብለው ላኩ። ወርቅውሃ ፈራች። አባባ፣ ጠዋት ይሁን ልበላቸው? ብትል ተቆጡ። ዕድሜውን ሙሉ ባቡር የጠበቀ ሰው ሽማግሌ መጠበቅ ያቅተዋል ወይ አሉ።

እሑድ ማታ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው ጋቢ ደረቡ። ጥፋቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ጋቢ ይሞቃል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ገቡ። ትልቁ አቶ መገርሳ ናቸው፣ የዚያው የአቃቂ ባላገር፣ በዕድሜም የገፉ። እንደ ደንቡ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እናትና ልጅ እስኪጠሩ ጓዳ ናቸው። አቶ መገርሳ ዱላቸውን ተደግፈው የኦላናን ዘር ከአያቱ ጀምረው ቆጠሩ። ጋሽ ወልደሚካኤል የሚያስቡ መስለው አንገታቸውን ደፉ። አቶ መገርሳም ጨርሰው ዝም አሉ። ቤቱ ጭጭ አለ። ብዙ ቆይቶ አቶ መገርሳ ቀና አሉና፣ እንሂድ፣ መልሱን ሰምተናል አሉ። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ጎልማሶችም በትልቅ ሰው ላይ አይናገሩምና ተከትለው ወጡ።

ወይዘሮ አስካለማርያም ከጓዳ ሲወጡ ባላቸው ያንኮራፋሉ።

በማግስቱ ወልደሚካኤል ልጄን አልሰጥም አለ ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ አወራ። ወርቅውሃ እህል አልቀምስ አለች። ሂድና ተኝቼ ነው በላቸው ቢሏቸው ሚስታቸው፣ እሱማ ከአፌ አይወጣም አሉ። ጨካኝ ቢባሉ ይሻላቸዋል።

ግን በሚቀጥለው ቀን ጎህ ሲቀድ እንደ ልማዳቸው መጥረጊያ አንስተው ወጡ። ከውስጥ የልጅቷ ልቅሶ ይሰማል። መጥረጊያውን ጣሉና ሄዱ።

የሴት ልጅ አባት ወደ ሽማግሌ ቤት ሲሄድ ያየ የለም። አቶ መገርሳ ነቅተው ኖሮ በረት ደጃፍ ቆመዋል። ደንግጠው ይቀመጡ አሏቸው።

“ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም” አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አቶ መገርሳ፣ እኔ እምቢ አላልኩም። ተኝቼ ነው።”

አቶ መገርሳ ሰው እንዳይሰማ ግራ ቀኝ አዩ።

“የቱ ጋ ስደርስ?”

“የልጁ አያት ጋ።”

“እኔ ደግሞ መልስዎን ስጠብቅ ዱላዬን እንደተደገፍኩ ወሰደኝ። ብነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እምቢ ብለው ጨርሰዋል ብዬ ነዋ።”

ሁለቱ አዛውንቶች በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በነጋታው ማለዳ ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ። ሁለቱ ጎልማሶች ዓይናቸውን እያሹ በየተራ ያዛጋሉ። ትልልቆቹ እንደ ወፍ ነቅተዋል። አቶ መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ “የልጁ አያት...” ብለው ጀመሩ።

“እሱ ጋ አይድረሱ” አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል። “ተቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ።”