መጋዘን ውስጥ የቆለፍኩበት ሰው

አሁን ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለችኝ ጠባብ ቢሮ፣ የውጭ ዜጋ ለጊዜው ሊቀጥሩ ያሰቡ ድርጅቶች ምክር ይጠይቁኛል። «የሥራ ፈቃዱ ከውሉ ጋር አብሮ አይራዘምም፤ ሳያልቅ አሳድሱ» እላቸዋለሁ። ይህን እንዴት እንደተማርኩት ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያኔ ጌጃ ሰፈር ባለ አንድ ማተሚያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ነበርኩ። ባለቤቱ አዲስ የገዙትን የማተሚያ ማሽን የሚተክልና ኦፕሬተሮቻችንን የሚያሠለጥን ባለሙያ ለአንድ ዓመት ከሕንድ አስመጡ፤ ሃምሳን ያለፈ፣ አስም ያለበት፣ ዝምተኛ ሰው። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ውሉን በስድስት ወር አራዘምንለት። ፈቃዱን ማሳደስ የእኔ ሥራ ነበር። በየሳምንቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ በእንግሊዝኛ «ፈቃዴስ?» ይለኛል። «አታስብ፣ ተጀምሯል» እለዋለሁ። ማመልከቻው ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ሌላ ሥራ በዛብኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ ለመናገር ፈራሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «የሥራ ፈቃድ ተቆጣጣሪዎች በር ላይ ናቸው!»

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሩ። «የሰውየው ወረቀት ደህና ነው አይደል?»

«አልፎበታል፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«አሥራ አንድ ቀኑ።»

ፊታቸው ጠቆረ። «በይ ደብቂው! ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?»

እጁን ይዤ ወደ ወረቀት መጋዘኑ ወሰድኩት። «አምስት ደቂቃ ብቻ» አልኩት። ምን እንደሆነ ሳይገባው ተከተለኝ። ከውጭ ቆለፍኩና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ከሁለቱ ተቆጣጣሪዎች አንዷ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። የሕንዳዊውን ፋይል ገልጠው ፈቃዱ ያለፈበትን ቀን አዩ። «ይህ ሰው የት ነው?»

«አገሩ ገብቷል» አሉ ባለቤቱ።

ሴትየዋ ወደ ማሽኑ ሄዱ። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ የአስም መድኃኒት አነሱ፤ ያ ወደ አፍ የሚነፋው። «ይህስ የማን ነው?»

ኦፕሬተሮቹ መሬት መሬት አዩ። መጋዘኑ መስኮት የለውም፤ አቧራው እኛን ጤነኞቹን እንኳ ያስለናል። ከቆለፍኩበት ስንት ደቂቃ እንደሆነው አላውቅም። መድኃኒቱን ከሴትየዋ እጅ ነጥቄ ሮጥኩ። ቁልፉ አልገባ አለኝ።

ስከፍተው ሰውየው የወረቀት ጥቅል ተደግፎ ትንፋሹን በጭንቅ ይስባል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። መድኃኒቱን አንዴ ሳበ፤ ደገመ። ተቆጣጣሪዋ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አሉ። «የወረቀቱን ጉዳይ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ድርጅቱ ተቀጣ፤ ፈቃዱም በሦስተኛው ሳምንት ታደሰ። ባለቤቱ አላባረሩኝም። «ጥፋቱ የሁለታችንም ነው» አሉኝ።

ሰውየው ሥራ ሲመለስ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። ማሽኑን እየወለወለ አዳመጠኝ።

«ቋንቋችሁን አላውቅም፣ ፈቃድ የሚታደስበትን ቢሮ አላውቅም» አለኝ። «አንቺ ደህና ነው ስትዪኝ፣ ደህና ነው ብዬ እተኛ ነበር።»

ውሉን ጨርሶ እስኪሄድ ድረስ ጠዋት ጠዋት በትህትና ሰላም ይለኝ ነበር። አንድም ነገር ግን ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።