ለወንድሜ የሳልኩበት ሳምንት

ትናንት ጠዋት ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ፣ ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ሳለ... እኔም ሳይታወቀኝ አብሬው ሳልኩ! ሐኪሟ ደረቴን አዳምጣ «እናቴ፣ ሳንባዎ ንጹሕ ነው» ብትለኝ ሳቄ መጣ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ከውትድርና አፈሳ ሸሽቶ ቤታችን ኮርኒስ ውስጥ ተደብቋል። አስቡት፣ በድሬ ሙቀት፣ ከቆርቆሮ ሥር! እዚያው እንዳለ የሳንባ ምች ያዘው።

ሐኪም ቤት ብንወስደው በዚያው ወደ ጦር ሜዳ ነው። የሰፈራችን መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ አብዲ፣ ተደብቆ መጥቶ ጆሮውን ወንድሜ ጀርባ ላይ ለጠፈ። «አቦ እማማ፣ አይዞሽ። ሳንባው ውስጥ ዘበኞች አሉ፣ ባክቴሪያውን እየያዙት ነው። ትኩሳቱም የእነሱ ሥራ ነው። ግን ብቻቸውን አይችሉትም፣ መርፌ ያስፈልጋል» አላት።

«ዘበኛ አትበለኝ! ልጄን እዚያ ላይ የሰቀለብኝ ዘበኛ አይደል?» አለች እናቴ።

ትናንት ሐኪሟን ብጠይቃት፣ ለካ አብዲ እውነቱን ነው። እነዚያ ዘበኞች ላያቸው ላይ መቀበያ አላቸው አሉ፤ አይተውት የማያውቁትን ባክቴሪያ እንኳ ከሽፋኑ ለይተው ሌሎቹን ይጠራሉ።

መርፌው ግን በየቀኑ ነው፤ አብዲ ቢመላለስ ቀበሌ ይጠይቃል። መላ እስኪገኝ የኔ ሥራ መሳል ሆነ። እሱ ከላይ ሲስል እኔ ከታች እስላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምስኪን ልጅ!» ይለኛል... እኔ ደግሞ ኩራቴ!

በአራተኛው ቀን፣ ከተማው በሙቀት በተኛበት እኩለ ቀን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ጠመንጃቸውን ይዘው ገቡ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ናቸው።

«ሳልሽ እንዴት ነው?»

ሳልኩላቸው። እናቴ ደንግጣ ውሃ ሰጠችኝ። አፌን ሞልቼ ሳለሁ... ወንድሜ ሳለ።

ብቻውን። ወፍራም የወንድ ሳል።

ጋሽ ታደለ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ውሃውን መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ተነሡ፣ ጠመንጃቸውን አነገቱ፣ በሩ ላይ ቆም አሉና እናቴን

«የልጅቷ ሳል ብሷል፤ መርፌ ያስፈልጋታል። አብዲን በቀን አስመጪው። ጥበቃው እኔ ነኝ» አሏት።

ወንድሜ ዳነ! ዛሬ የልጅ ልጆች አሉት።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ታደለ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ሳልሽ ተሻለሽ?» ይሉኝ ነበር። በዚያው ዓመት የራሳቸው ልጅ ለውትድርና ታፈሰ፤ አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሳሌ ጠይቀውኝ አያውቁም... እኔም ወንድሜ ከተደበቀበት ወጥቶ አብሮኝ ሲሄድ በእሳቸው በር አላልፍም ነበር።