ሳነቴ ላይ መኪና ሲቆም

ሪራ የምትባለውን የጫካ መንደር መጀመሪያ ያየኋት እንግዳ ሆኜ ነው። የጎባ ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አክስቴ ይዛኝ ሄደች። ጠዋት ጠዋት ከቀርከሃው ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ጉሙ ከሐረና ጫካ ቀስ እያለ ሲወጣ አያለሁ። ማር ከነሰፈፉ በቂጣ እበላለሁ። ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ የሚለኝ የለም። ጎባ ስመለስ ለጓደኞቼ «ምናለ እዚያ ባገባ!» ብዬ አወራሁ። አፌን በቆረጠው! አላህ ሰማኝ።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ በመጨረሻ ጨርቅ ነው ይባላል። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ወርቅነቴ ከሰርጉ ሰሞን አላለፈም። ያ የወደድኩት ጉም ለካ ልብስ አያደርቅም፣ እንጨት አያነድም፣ ጥጃ ይሰውራል። ማሩም ከዛፍ ላይ በራሱ ጊዜ አይወርድም። ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅለው፣ ወጥቶ የሚቆርጠው ባሌ ነበር። የኮሶ ዛፍ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። እሱ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ጫካ ከገባ፣ እኔ እጄ ሥራ ላይ ይሁን እንጂ ጆሮዬ ጫካው ውስጥ ነው የሚውለው።

ከሁሉም የከፋው መንገዱ ነው። ሆስፒታሉም፣ ገበያውም፣ የእናቴም ቤት ጎባ ነው፤ ጎባ ለመድረስ ደግሞ ገደሉን በጠመዝማዛው ወጥቶ የሳነቴን አምባ ማቋረጥ ግድ ነው። ከመና ከተማ የሚመጣው አውቶቡስ ጠዋት ካለፈ አለፈ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው የእግዜር አይሱዙ ነው፤ ከመጣ። ሞባይል የሚባለው ነገር ጎባ ቢገባም እኛ ጋ ገና አልደረሰም ነበር።

እንግዶች የሚመጡት ለዚሁ ነው፤ ለጉሙ፣ ለጫካው፣ ለመንገዱ። መንግሥት ተለውጦ የታናናሾቼ ትምህርት በኦሮምኛ ሲሆን፣ እኔ በአማርኛ ጨርሼ ስለነበር አማርኛ ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ሲመጣ ወደኛ ቤት ይመሩታል። ያን ጊዜም ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ መጡ። መኪናው የኪራይ ላንድክሩዘር ነው፤ ሹፌሩም የዚያው የአዲስ አበባ ሰው ነው። ከቤታችን በታች ካለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተከሉ። ማር አቀረብኩላቸው። ሴትዮዋ ዙሪያውን አየችና፣

«እናንተ እኮ ገነት ውስጥ ነው የምትኖሩት!» አለችኝ።

ፈገግ አልኩ። በሆዴ ግን «ገነት ውስጥ እንጨት የሚፈልጠው ማን ይሆን?» አልኩ። ክፉ ሴት አይደለችም። እኔም ልጅ ሆኜ ያልኩትን ነው ያለችው።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ ቀፎ ሊሰቅል ወጣ። አውቶቡሱ ካለፈ በኋላ ሲመለስ አየሁት። ገመዱን አልያዘም። ገመዱን ጥሎ ተመልሶ አያውቅም። በእግሩ ነው የመጣው፣ ቀጥ ብሎ፤ ግን የግራ ክንዱን ሆዱ ላይ ለጥፎታል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። አዳለጠኝ።»

«ከየት?»

አልፎኝ ወደ ቤት ገባ። ከየት መሆኑን ከጀርባው አየሁት፤ ሸሚዙ ከትከሻው እስከ ወገቡ በዛፉ ቅርፊት ተቦጫጭቋል። የዛፍ ሥር ላይ ነው በግራ ጎኑ ያረፈው። እናቱ፣ አማቴ፣ ማር በሞቀ ውኃ በጥብጣ ሰጠችው። ጠጣው። ደግሞ ውኃ ጠየቀ፤ ጠጣ። ደግሞ ጠየቀ። ሆዱን ነው የመታው፣ እሱ ግን ትከሻዬን አመመኝ ይላል። ግንባሩን ስነካው በብርድ ቀን ላብ አስምጦታል፤ ላቡም ቀዝቃዛ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ያ ሁሉ ውኃ የት እንደሚገባ ማሰብ ስጀምር ዓይኔን ወደ ሜዳው ጣልኩ።

ከታች እንግዶቹ ድንኳናቸውን እየነቀሉ ነበር። ወደ ጎባ ሊመለሱ ነው።

አሁን እኛ አገር ያለውን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሰላምታችን ረጅም ነው። ሰው ሲገናኝ አንተ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና ይባባላል፤ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ»። ቤቱ እየተቃጠለ የመጣ ሰው እንኳ መጀመሪያ ሰላም ነው ይላል። መጀመሪያ ፈጣሪ ይመሰገናል፤ ችግሩ የሚወጣው ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ፣ «እሺ፣ ወሬ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። ያገሬ ሰው ስለሚያውቅ ሁለተኛውን ጥያቄ አይረሳም።

ወደ እንግዶቹ ወረድን። አማቴ አሮጊት ናት፤ ልጇ እየሞተ ቢሆን እንኳ ሥርዓት አታጎድልም። «አካም ቡልተን? ነጋያ ቡልተኒ?» እያለች እንዴት እንዳደሩ ትጠይቃቸዋለች፤ እኔ አስተረጉማለሁ፤ እነሱ ይስቃሉ። በቁሜ እየተቃጠልኩ ነው። በመጨረሻ፣

«ጎባ ብትወስዱን?» አልኩ። «ባለቤቴ…»

ባሌ በአማርኛው ቀደመኝ። «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። በዓይኑ ዝም በይ አለኝ። እንግዳ ላይ ሸክም አይጫንም፤ ለሽርሽር የመጣ ሰው ደስታው አይበላሽም፤ ወንድ ልጅም ሰው ፊት አያቃስትም። ይህን ሁሉ ከናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው።

«በደስታ!» አለች ሴትዮዋ። «ግቡ፣ ግቡ!»

አማቴ ቤት ቀረች፤ ሰውየው ከሹፌሩ ጎን፣ ሴትዮዋ፣ እኔና ባሌ ከኋላ ሆነን ተጓዝን። ባሌን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። ጠመዝማዛውን ስንወጣ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ከንፈሩን ይነክሳል። ገደሉ አፋፍ ላይ እንደወጣን ሰውየው «አቁም፣ አቁም!» አለ። ወረዱ። ከታች ሐረና ጉም ለብሶ ተኝቷል። ያኛው ፎቶ፣ ይሄኛው ፎቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ሹፌሩ ደግሞ ሲያነሳቸው። እኔ የመኪናውን ወንበር ጨርቅ በጥፍሬ እየቧጠጥኩ ነው።

«ልንገራቸው» አልኩት በኦሮምኛ።

«ጨሊሲ» አለኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። «አሁን ይሄዳሉ።»

ሴትዮዋ ስትመለስ ጉንጯ በብርዱ ቀልቷል። «አሰለቸናችሁ አይደል? ደህና ናችሁ ግን?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» አለ ባሌ።

«እናንተማ ለምዳችሁታል!»

አምባው ላይ ወጣን። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ጅብራ አዩ። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቅጠል እንዴት እዚህ ብርድ ላይ በቀለ ብለው ተገረሙ፤ ወረዱ፣ ከሥሩ ቆመው ቁመታቸውን ተለካኩ። የያዝነውን ውኃ ባሌ ያን ጊዜ ጨረሰው። ከዚያ ጉም ወረደ። ሹፌሩ መብራት አበራና እንደ ኤሊ መንፏቀቅ ጀመረ። «ደመና ውስጥ እኮ ነን!» እያለች ሴትዮዋ መስኮቱን ከፍታ እጇን ታወጣለች። ብርዱ ገባ። ባሌ ላይ ጋቢዬን ደረብኩበት። የጣቶቹ ጥፍር ነጭ ሆኗል።

ሴትዮዋ አየችው። «ወንድሜ፣ አመመህ እንዴ?»

በልቤ «ያ ረቢ፣ እውነቱን አናግረው» አልኩ።

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ፈገግም አለ። እሷም ፈገግ አለችና ወደ መስኮቷ ዞረች። አልፈርድባትም። እሷ አገር ደህና ነኝ ካሉ ደህና ነው። ሁለተኛ ጥያቄ እንዳለ ማን ነግሯት!

ጉሙ ገለጥ ሲል ሰውየው ሹፌሩን ክንዱን ያዘው። «ዝም! ሞተሩን አጥፋ!»

ቀይ ቀበሮ ነበረች። ከመንገዱ ብዙም ሳትርቅ፣ ሆዷን መሬት አስነክታ፣ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ታደባለች። ሦስቱም በእግራቸው ጣት ወረዱ፤ በሩን እንኳ እንዳይጮህ ብለው አልዘጉትም። አምባው ላይ ከነፋሱ በቀር ድምፅ የለም። ቀበሮዋ አትነቃነቅ፣ እነሱ አይነቃነቁ። ፍልፈሉ እስኪወጣ እየጠበቁ ነው። ፍልፈል ደግሞ ሲፈልግ ነው የሚወጣው።

እኔ ቀበሮዋን ዕድሜዬን ሙሉ አይቻታለሁ። ያን ቀን የጠላሁትን ያህል ግን ፍጥረት ጠልቼ አላውቅም። ሰውየውንም ጠላሁት፣ ካሜራውንም፣ የባሌንም ኩራት። የባሌን ኩራት አብልጬ።

ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሰው ፊት እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

«እንቅልፌ መጣ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ።

እጁን ያዝኩት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ ሥርዓቱም፣ እንግዳውም፣ አማቴም ከራሴ ጠፉ። በበሩ ወጣሁና ጮህኩ።

«ደህና አይደለም! ከዛፍ ወድቋል! ሊሞትብኝ ነው፣ ደህና አይደለም!»

ቀበሮዋ ብድግ ብላ በአስታው ቁጥቋጦ መሃል ጠፋች። ሰውየው ዞረ፤ ፊቱ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ንዴት ነው። ሹፌሩ ግን ሮጦ ደርሶ የባሌን ፊት አየና አንድ ቃል ሳይናገር ሞተሩን አስነሳ። ሴትዮዋ ነጣች።

«ለምን አልነገራችሁንም? ደጋግሜ ጠየቅኩት እኮ! ደህና ነኝ አለኝ!»

 በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት እኛም አገር አለ። እናውቀዋለን። ብቻ እንግዳ ፊት አንጠቀምበትም።

ከሳነቴ ወደ ጎባ ያለውን ቁልቁለት ሹፌሩ እንዴት እንደነዳው አላህ ይወቀው። ሴትዮዋ የባሌን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ በሹራቧ ጠቀለለችው። እኔ እንዳይተኛ ጉንጩን በጥፊ እመታለሁ፤ ይሄን ሁሉ ዘመን በልቤ የያዝኩትን ሁሉ እያወጣሁ እሰድበዋለሁ። «ኩራተኛ! ግትር! ተነሳ!» አንዳንዴ ዓይኑን ይገልጣል። አንዴ ብዙ ቆየ፤ አልገለጠም። ሰውየው ከፊት ዞሮ «ምቺው፣ ምቺው እህቴ!» ይለኛል። እሱም ያለቅስ ነበር።

ጣፊያው ነው የፈነዳው። ደሙ ሆዱ ውስጥ ሲፈስ ነው የዋለው። ሐኪሙ ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና አስገባው። ደም ሲፈለግ ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ሴትዮዋና እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ቀረን። ወደ እኔ ዞራ፣

«እንዴት ነው እዚያ የምትኖሩት?» አለችኝ።

በዋዜማው ገነት ያለችኝ ሴት ናት። ምላሴ ላይ የመጣውን ዋጥኩት።

«እየኖርን» አልኳት። እጄን ያዘችኝ፤ እኔም አልነጠቅኳትም።

ባሌ ተረፈ። ነቅቶ አፉን ሲፈታ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። «እንግዳ ፊት ትጮሂብኛለሽ?» አለ። ሳቅኩ፤ ከዚያ መቆም እስኪያቅተኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ዛፍ አልወጣም፤ አላወጣሁትም። ጎባ ገባንና ትንሽ ሱቅ ከፈትን። ሪራ እንደገና የምንጠየቅባት አገር ሆነች። ከብዙ ዓመት በኋላ ለዘመድ ሰርግ ኮንትራት መኪና ይዘን ስንወጣ፣ ሳነቴ ላይ ባሌ ሹፌሩን «እስቲ አቁም» አለው።

«ምን ሆንክ?» አልኩ።

«ምንም። ልይ ብዬ ነው።»

ወረደ። ጀርባውን ሰጥቶን፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። ከብት እየነዳ፣ ማር ጭኖ፣ ያን ቀን ደግሞ እየሞተ ስንቴ አቋርጦታል፤ ቆሞ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ያምር ነበር፤ አልዋሽም። እኔ ግን የማየው የእሱን ጀርባ ብቻ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው። እሱ ትንሽ ዘመም ያለ መሰለኝ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። የሮቤ ልጅ ነው፣ ጨዋ። «እናቴ፣ ደህና ነዎት?»

«አልሐም…» ብዬ ጀመርኩ። ቃሉ አፌ ላይ ቆመ።

«ደህና አይደለሁም፣ ልጄ» አልኩት። «ጥራልኝ።»

ጠራው። ባሌ እያጉረመረመ ተመለሰ። «ምን ልሁን ነው? ቆሜ ባይ ምናለ? ለካ እንዲህ ያምራል» እያለ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ያዝኩት። ሙቅ ነበር። «አሁን ንዳ» አልኩት ሹፌሩን።