ቦሌ ናት ወደኛ የመጣችው

እኔ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ጎበዝ ስለሆንኩ ቶሎ ጨረስኩ እላለሁ። ከቡልቡላ እስከ ሃያ ሁለት ሚኒባስ እነዳለሁ፤ በዚህ መስመር እኔን የሚቀድም ሾፌር ገና አልተወለደም፤ ከተወለደም ዳዴ ላይ ነው።

ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ፌርማታው ሁሉ ሰማ። "ዶክተር እህት አለችኝ" ብዬ ያልነገርኩት ተሳፋሪ የለም። አንዱማ ስለ ኩላሊቱ ሊያማክራት ስልኳን ጠይቆኛል። እሷ ገና የመጀመሪያ ዓመት ነች፤ ምን እንደምትማር እንኳን አልመረጠችም።

ምርጫው የሚዘጋ ቀን ጋቢና አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አሳየችኝ። አንደኛ፦ ሕክምና።

"ይኸው፣ ሞላሁልህ። ልልከው ነው።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ምነው? ደስ አይልም እንዴ?"

"ደም ሳይ እንደምወድቅ ታውቃለህ። እኔ የምፈልገው የሰብል ትምህርት ነው። የአባባን ድንች በየዓመቱ ምን እንደሚያጠወልገው ማወቅ።"

አባታችን ገበሬ ነው። መሬቱ ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከጀርባ በቀረችው ቁራጭ ዛሬም ድንች ይተክላል። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለጀለሶቼ የቦሌ ልጅ ነኛ!

"ከእርሻ ሸሽተን ቦሌ ገብተን፣ ተመልሰሽ ጭቃ ልትገቢ?"

"የት ሸሸን? እኛ እኮ ካለንበት አልተነቃነቅንም። ቦሌ ናት ወደኛ የመጣችው።"

ከኋላችን ያሉ እናት ሳቃቸው አመለጣቸው። "ልጄ፣ መሪውን ለሷ ስጣትና አንተ ውረድ!" አሉኝ።

እኔ ፌርማታ ስቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን "ወራጅ አለ!" እየተባልኩ አለፍኩ።

"ዶክተር ናት ያልካቸውን ሰዎች ግን ምን ትላቸዋለህ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ለካ የፈራችው የኔን አፍ ነው። ዳር ያዝኩና ቆምኩ።

"ቀይሪው። አፌን ለኔ ተይው።"

ሰብሉን አንደኛ አድርጋ ላከችው።

ሃያ ሁለት ስንደርስ ተራ አስከባሪው፣ "ዶክተሯ እንዴት ናት?" አለኝ።

"የምን ዶክተር! እርሻ ነው የምትማረው። የገበሬ ልጆች ነን፣ ከቡልቡላ!" ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እሷ ገና አልወረደችም።

የሚያብረቀርቅ ጫማዬን አየና ሳቀ። "አንተም ገበሬ?"

"እኔማ ድንች ስቆፍር ባየኸኝ!"

ቆፍሬ አላውቅም ነበር። እሁድ አባባ ዶማ ሰጠኝ። እህቴ የጠወለገ ቅጠል በላስቲክ እየሰበሰበች፣ "ቀስ በል፣ ሥሩን እንዳትቆርጠው!" ትለኛለች።