አንድ ዓይናው

በዓይን ክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ግራ ዓይኑን በቀይ ሐር ጨርቅ ሸፍኗል። ጊታሩን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ ይዞታል። ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ዘፈኑን ራሱ የሚያሰራጭ ዘፋኝ ነው። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ "አንድ ዓይናው" ሲባል ግን የማያውቀው የለም።

ሐኪሟ ወደ ክፍሏ ጠርታ፣ በሩ እንደተከፈተ ጨርቁን እንዲያነሳ አዘዘችው። ግራ ቀኙን ቃኝቶ ገለጠው። ከሥሩ ጤነኛ ዓይን ወጣ።

"ታዲያ ምን ሆነህ ሸፈንከው?"

"ዶክተር፣ ሁለት ዓይን ያለው ዘፋኝማ ሞልቷል። አራት ዓመት ባዶ ፊቴን ይዤ ስዘፍን ማን ዞር ብሎ አየኝ?"

መርምራው ድምጿን ዝቅ አደረገች። የታመመው ያልተሸፈነው ቀኝ ዓይኑ ነው፤ ብርሃኑ እየከዳው ነው።

"ከእንግዲህ የሚያገለግልህ ይሄ የደበቅከው ነው። ጨርቁን ጣለው" አለችው።

እሺ ብሎ ጨርቁን ኪሱ ከተተና ቀጥ ብሎ ወደ መውጫው ሄደ። በሩ ጋ ሁለት ልጃገረዶች በአጠገቡ አለፉ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ቆመ። ጨርቁን አውጥቶ በጤነኛው ዓይኑ ላይ አሰረና፣ ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ደረጃውን ወረደ።