የጥቁሩ ገብስ ዘር

ከጎባ በላይ፣ ወደ ተራራው ሲወጣ፣ ከአባቴ የቀረችን አንዲት ቁራጭ መሬት ነበረች። ስንዴ ቢዘራባት ውርጭ ይበላዋል። ባቄላም አይሆንላትም። የምትወደው ጥቁር ገብስ ነው። አባቴም አያቴም እሱን ነው የዘሩባት።

በደርግ ጊዜ፣ መንደር ምሥረታ ተብሎ ሁላችንም በመስመር ከተሠራ ቤት ከገባን በኋላ፣ አንድ ዓመት በረዶ መጣና ገብሱን ከነአገዳው ከጭቃ ደባለቀው። ለቅመን ያተረፍናትን ደግሞ ለመንግሥት እህል የሚሰበስቡት የኮታ ሰዎች ወሰዷት። ለዘር ጭብጥ እንኳ አልቀረም።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አብሮ አደጌ ነው፤ የተገረዝነው በአንድ ቀን ነው። ሊቀ መንበር ሲሆን ግን ድምፁ ወፈረ።

«ስማ፣» አለኝ፣ «የበልጉ ዝናብ ሳያልፍ ያልተዘራ መሬት ለአምራቾች ማኅበር ይገባል። መመሪያ ነው።»

«ዘር ስጠኝና ልዝራ።»

«ስንዴ አለልህ።»

«ስንዴውን አንተ ቆርጥመው። እኔ ጥቁር ገብስ እዘራለሁ።»

«ከየት አምጥተህ?»

«እሱን ለኔ ተወው» አልኩት። ከየት እንደማመጣ ግን አላውቅም።

በቅሎዬን ጫንኩና በሮቤ አድርጌ የገሰራን መንገድ ያዝኩ። ያን ጊዜ አንዱን መንደር ያየ ሁሉንም አየ ማለት ነው። ቤቱ በመስመር፣ መሐል ላይ ጽሕፈት ቤት፣ ከጎኑ መጋዘን፣ መጋዘኑ በር ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለ ሰው። መንደሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥያቄውም አንድ ይበቃዋል ብዬ፣ ቃሉን ሳልለውጥ በየደረስኩበት ጠየቅሁ።

«የጥቁር ገብስ ዘር አላችሁ?»

«የለም።»

በሚቀጥለውም የለም። ከዚያ በሚቀጥለውም። አንዱ ባለ ቁልፍ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወረቀቱን አሳየኝ። «ይኸው፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ ነው የሚለው። ነጩም ጥቁሩም ገብስ አንድ ላይ ነው የሚደፋው።» በሌላውም መጋዘን ያው ወረቀት ነው። ከአንድ ቢሮ የወጣ ስለሆነ፣ በአንዱ ላይ ቦታ ያልተሰጠው በሌላውም ቦታ የለውም።

ገበሬውን ልጠይቅ ስል ደግሞ ይሸሸኛል። አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «ከኮታዎቹ ነህ?» አለኝ።

«የኮታ ሰው እንዲህ ያለ የተቀደደ ካፖርት ይለብሳል?»

«ዘንድሮ ብልጥ ሆነዋል» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

በማግሥቱ የቀትሩን ሶላት፣ ዝሁርን፣ ሰግጄ ከመስጊድ ስወጣ አንድ ደግ ሰው ቤቱ አስገባኝ። ጭኮ ቀረበልኝ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። ርቦኝ ስለነበር፣ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ጭኮ ነው!» አልኩ።

ሰውየው ሳቀ። «ኦቦ፣ ጭኮስ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለችው ሴትዮ ጋ ነው።»

ሚስቱ ከጓዳ ሰማች። «እሷን አግባታ! ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ብላ!»

ሳቅን። እኔ ግን ሐሳብ መጣልኝ። ሰው እህሉን ይደብቃል፤ ጭኮውን ግን አይደብቅም። ለአራስ ይወሰዳል፣ ሠርግ ላይ ይቀርባል፣ የማን እጅ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጭኮ የምታውቅ ሴት ደግሞ ገብሷን ከማንም ገብስ ጋር አትደባልቅም፤ ጥቁሩ ካላት ለብቻው ነው የምታስቀምጠው።

በቅሎዋን ወደ ኋላ አዞርኩ። ያለፍኳቸውን ትቼ ወደፊት ብሄድ ይቀለኝ ነበር። ግን እነዚያ ሰዎች «የለም» ያሉት ለጥያቄዬ ነው፤ ገብሱ አለመኖሩን በምን አውቃለሁ? ከመጀመሪያው መንደር እንደገና ጀመርኩ።

«እዚህ መንደር ጭኮዋ የሚመሰገን ማን ናት?»

እንዲህ ሲባል ዝም የሚል የለም! የሸሹኝ ሰዎች እጄን ይዘው እስከ ደጇ ያደርሱኝ ጀመር። አንድ ቦታ ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉ፤ አንዱ እናታችን ይላል፣ ሌላው አማቴ። እናትየው ሳትሰማ ገላገልኳቸው።

ሴቶቹ ጋ ስደርስ ሁለተኛውን ጥያቄ አመጣለሁ፤ «ከምን ገብስ ነው?» ሁሉም ቶሎ፣ «ከነጩ» ይላሉ። ገሰራ ልደርስ ስል አንዲት ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ግን ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ።

«ማን ላከህ?»

«ጭኮዎት ነው የላከኝ፣ አዴ።»

«ጭኮ አፍ የለውም።»

«የበላው ሰው አለው።»

በርጩማ ገፋ አደረጉልኝ። ስለ መሬቷ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሊቀ መንበሩ ነገርኳቸው። ዝናቡ እያለፈብኝ እንደሆነም አልደበቅኩም።

«ወላሂ እመልስልዎታለሁ» አልኩ።

«መመለሱን ትመልሳለህ። እኔ የምፈራው መንገድ ላይ ቆልተህ እንዳትበላው ነው።»

ከዚያ ከምድጃው በላይ ከተሰቀለው ጥላሸት የለበሰ ቅል «ቢስሚላህ» ብለው ጋቢዬ ላይ ገለበጡልኝ። ጥቁር፣ አጭር፣ የአባቴ ገብስ። ለራሳቸውም አስቀሩ። «ሲደርስ ራስህ ይዘህ ና፤ ሰው እንዳትልክ» አሉኝ።

ዝናቡ ሳያልፍ አገሬ ደረስኩ፤ ዘሩ ግን ለመሬቷ አይበቃም ነበር። ቢሆንም ግማሹን ዘርቼ ግማሹን ጦም ባሳድር ጦም ያደረውን ይወስዱታል። ስለዚህ አራርቄ፣ ከዳር እስከ ዳር በተንኩት።

ሲበቅል ሊቀ መንበሩ ወጣ። ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ምን መዝራት ነው? ጸጉሩ ያለቀ ራስ ይመስላል።»

«ያንተም ራስ እንዲሁ ነው፤ ማን ወረሰው?»

ቆቡን ነካ አደረገ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፣ ሳቁ አመለጠው። «ተዘርቷል እላለሁ» አለና ወረደ።

የዚያን ዓመት አንዲት ፍሬ አልቀመስንም። የአሮጊቷን ድርሻ በበቅሎ ጭኜ ራሴ አደረስኩ፤ የቀረውን ለዘር አኖርኩት። ሚስቴ ጭኮ አማረኝ ብትልም እሺ አላልኳትም። በሚቀጥለው በልግ መሬቷ ሳትሳሳ ተዘራች።