ጠበል ላይ ያቋረጥነው ኪኒን

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። የሽንት ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ስላስቸገራት የቢቸናው ሐኪም ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ብሎ በየማታው የምትውጠው የመከላከያ ኪኒን አዘዘላት፤ ለወራት። እኔ ደግሞ ሐኪም ያዘዘውን ዝንፍ የማላደርግ ሴት ነኝ። ጎረቤቶቼ «አንቺማ ነርስ መሆን ነበረብሽ» እያሉ ይስቁብኛል።

በአምስተኛው ወር ደረቅ ሳል ጀመራት። ብርድ ነው አልኩ። የባጃጅ አቧራ ነው አልኩ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያቺን ትንሽ ዳገት መውጣት አቅቷት ድንጋይ ላይ ቁጭ ስትል ሳይ ግን ክው አልኩ።

ትምህርት ሲዘጋ ሞጣ፣ አማቴ ዘንድ ወሰድኳት። አማቴ ጠበል እናስገባት አሉ። ኪኒኑን ከቦርሳዬ ሳወጣ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«በስማም! ጠበልና ኪኒን አንድ ላይ? ተይ ልጄ፣ አታቀላቅይ!»

እሺ አልኩ። እሳቸውን እምቢ ማለት የት አባቴ ለምጄ! ሁለት ሳምንት ጠበሉን ብቻ ጠጣች፣ ተጠመቀች። ሳሉ ጥፍት አለ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ቢቸና ተመልሰን ኪኒኑን ቀጠልን። በሳምንቱ ሳሉ መጣ፤ ያውም ብሶበት። ጠበሉን ሳላስጨርሳት በመምጣቴ ነው ብዬ ራሴን በላሁት።

ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። ጀርባዋን ሲያዳምጥ ቆየና «ኪኒኑን አቋርጣችሁ ታውቃላችሁ?» አለኝ።

«ኧረ በጭራሽ! አንድም ቀን!»

ውሸቴ እንዴት እንደፈጠነ! ጠበል ወስጄ መድኃኒት አስቆምኩ ብል በሰው ፊት ይቆጣኛል ብዬ ፈራሁ። የሳል ሽሮፕ ሰጥቶ ሸኘን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስታወራ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ራጅ ተነሣች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «ሳንባዋ ደህና አይደለም። ቲቢ ሳይሆን አይቀርም፤ መድኃኒቱን ልንጀምርላት ነው» አለ።

«ሞጣ እኮ ሳሉ ለቋት ነበር!» አልኩ፣ አምልጦኝ።

«ሞጣ ምን ተደረገላት?»

ከዚህ ወዲያ መሸሸጊያ የለኝም። ጠበሉንም፣ ኪኒኑን ማቆሜንም፣ መዋሸቴንም ዘረገፍኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ይሄ የሽንቱ ኪኒን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አልፎ አልፎ ሳንባ ይጎዳል። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ያን ዕለት የጠየቅኩሽም ኪኒኑ ሲቆም ሳሉ ይጠፋ እንደሆነ ለማወቅ ነበር» አለኝ።

«ትድናለች?»

«ቶሎ ከቆመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። እናያለን።»

ቶሎ! ወይ እኔ!

ሳሉ አሁን ቆሟል፤ ራጁ ግን ገና አልጠራም። አማቴ በስልክ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» ይሉኛል። እሳቸው የማያውቁት አለ። ከሞጣ ከተመለስን ወዲህ ልጄ ኪኒኑን አልፈልግም ብላ አፏን ትገጥም ነበር። አገጯን ይዤ፣ «ዋጪ እንጂ፣ ለራስሽ ነው!» እያልኩ ያስዋጥኳት እኔ ነኝ።